ማሽኑ ነው ወይስ መስመሩ? የቤት ብየዳ ሲያስቸግር መጠገን፣ መቀየር ወይስ ገመድ መግዛት

ባለፈው ክረምት አንድ ስህተት ሠራሁ። ደሴ ነው፣ ነሐሴ። የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም፣ ጭጋጉ ግቢ ድረስ ገብቷል። የግቢውን በር ልበይድ ማሽኔን ሰካሁ። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ብረቱን በነካ ቁጥር ይጣበቃል። አስለቅቀዋለሁ፣ እንደገና ይጣበቃል። አምፔሩን ብጨምርም ያው ነው። ሦስት ዓመት ያገለገለኝን ማሽን «በቃ፣ አለቀለት» ብዬ ፈረድኩበት። በማግስቱ ፒያሳ ወጥቼ ሌላ ገዛሁ። አዲሱን ሰካሁት። እሱም ተጣበቀ።

ጥፋቱ የሁለቱም ማሽኖች አልነበረም። ከቤት ወደ በሩ የዘረጋሁት 40 ሜትር ቀጭን ኤክስቴንሽን ነበር። አሁን ሁለት ማሽን አለኝ፤ አንዱ ደሴ እኔ ጋ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ወንድሜ ጋ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፤ ማሽኑን ግን አልመለሰም።

ማሽን ሲያስቸግር ከፊታችን አራት መንገድ አለ። መስመሩን ማስተካከል፣ ራስ መጠገን፣ ባለሙያ ጋ መውሰድ፣ አዲስ መግዛት። ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የደረደርኳቸው። እኔ ከመጨረሻው ጀመርኩ። እናንተ ከመጀመሪያው እንድትጀምሩ ነው ይህን የምጽፈው።

ባለ ኮይሉና ኢንቨርተሩ

በየሰፈሩ የምናያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የድሮው ባለ ኮይል ትራንስፎርመር ነው፤ ለሁለት የሚሸከሙት፣ ሲሠራ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም። ሌላው በትከሻ የሚንጠለጠለው ኢንቨርተር ነው። ችግራቸው አንድ ስላልሆነ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

ባለ ኮይሉ ውስጥ ብዙ ነገር የለም። የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ጥቅል፣ የብረት እምብርት፣ አምፔር ማስተካከያ እጀታ። አቧራ አይፈራም። የመብራት መዋዠቅም በቀላሉ አይጥለውም። ቢቃጠል እንኳ ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ መልሶ ይጠመጥመዋል። ጣጣው የሚስበው ኃይል ነው። በ100 አምፔር ስትበይዱ ከመስመሩ ወደ 27 አምፔር ሊስብ ይችላል። አንድ በያጅ ሥራ ሲጀምር የሰፈሩ አምፖል ደብዘዝ የሚለው አለምክንያት አይደለም።

ኢንቨርተሩ 220 ቮልቱን መጀመሪያ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይቀይረዋል፤ ከዚያ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጠዋል። በዚህ ፍጥነት ስለሚሠራ ትልቅ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ቀላል የሆነውም ለዚህ ነው። ያንኑ የ100 አምፔር ብየዳ ከ18 እስከ 20 አምፔር ስቦ ይሠራዋል። የሚያወጣው ዲሲ ስለሆነ እሳቱ የተረጋጋ ነው፤ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ግን ውስጡ ካርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አለ። ካርድ ደግሞ አቧራ፣ እርጥበትና ድንገት ተንደርድሮ የሚመጣ መብራት አይወድም።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ለቤት፣ ለመስኮት፣ ለበርና ለአልጋ ሥራ ኢንቨርተር። ቀኑን ሙሉ የሚበይድ፣ ወፍራም መስመር ያስገባ ሱቅ ያለው ሰው ግን ባለ ኮይሉን ቢይዝ አልፈርድበትም። የሚሠራ የድሮ ኮይል ቤታችሁ ካለ ደግሞ አትሽጡት። የሚያገኘው ዋጋ የብረት ዋጋ ነው፤ የሚሰጣችሁ አገልግሎት ግን ከዚያ በላይ ነው።

ሽቦ በጥቅል የምትጎርስ፣ ያለ ጋዝ የምትሠራ ማሽንም መታየት ጀምራለች። ለስስ ላሜራ ደስ ትላለች። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሽቦዋ ከተማችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ሽቦ ካጣች ዕቃ ማስቀመጫ ነው የምትሆነው።

መስመሩ፤ አብዛኛው ጣጣ ያለበት

የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ኢንቨርተር በ100 አምፔር ሲበይድ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ማሽኑን እንደ ሁለተኛ ምጣድ ቁጠሩት። ምጣድ ለማትሰኩበት ሶኬት ብየዳም አትስኩ። ምጣድ ተጥዶ ሳለም አትበይዱ። እኛ ቤት ይህ ሕግ የወጣው እናቴ አንድ እንጀራ ሊጥ እንደሆነ ካወጣች በኋላ ነው። በቃል የወጣ ሕግ ነው፣ ግን ማንም አይጥሰውም።

አሁን ወደ ኤክስቴንሽኔ ልመለስ። ገመዱ ባለ 1.5 ነበር (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር)፣ 40 ሜትር። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 80 ሜትር ነው። በ19 አምፔር እዚያ ገመድ ላይ ብቻ ወደ 18 ቮልት ይቀልጣል። ሶኬቱ 195 እየሰጠ ከሆነ ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 177 ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች ከ220 የሚታገሡት 15 በመቶ ያህል መውረድ ነው፤ ያ 187 ነው። ከዚያ በታች ወይ እሳቱ ይሰንፋል፣ ወይ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ያንኑ ርቀት በባለ 4 ገመድ ስዘረጋው የሚባክነው ወደ 7 ቮልት ወረደ። በሩ ተበየደ።

ሌላም ነገር አለ። ኤክስቴንሽኑን ሳትተረትሩት፣ በጥቅሉ አድርጋችሁ አትሥሩ። ጥቅልል ገመድ ሙቀቱን ማስወጫ ስለሌለው ላስቲኩ ይቀልጣል። ወንድሜ ጋ የቀለጠ አንድ አለ፤ እንደ ዳቦ ተጣብቆ አንድ ቁራጭ ሆኗል።

እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። ማሽኑ በተሰካበት በራሱ ጫፍ ላይ ለኩ። ዝም ብላችሁ ሳይሆን አንድ ሰው እየበየደ ለኩ። ሳይበየድ 215 ያለው ሲበየድ 180 ከገባ ማሽኑን ተዉት፤ መስመራችሁን እዩ። ሳይበየድም 185 ከሆነ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ያኔ ሥራውን ሰዓት ቀይሩለት። ማለዳ ወይም ከምሳ በኋላ ሞክሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ የሚሰካበትን የማታውን ሰዓት ሽሹ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ስታብላይዘር ልግዛ ወይስ ወፍራም ገመድ? ገመድ። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚሸጠው ስታብላይዘር ብየዳ አይሸከምም። ለብየዳ የሚሆነው ከ5 ኪሎ ቮልት አምፔር በላይ ያለው ነው፤ ዋጋው ከማሽኑ ሊበልጥ ይችላል። ስታብላይዘር ትርጉም የሚኖረው መስመራችሁ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብሎ የሚውል ከሆነና ብየዳው እንጀራችሁ ከሆነ ነው።

ጄኔሬተርስ? ደሴ ላይ ተጠንቀቁ። የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ «5 ኪሎ» (ኪሎዋት) ተብሎ የተገዛው ጄኔሬተር እዚህ አራት እንኳ አይሞላም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትወስዱት ትንሽ ይሻለዋል፤ እዚያ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው።

ምልክቱ ወዴት ይመራችኋል?

ማሽኑ ጨርሶ አልበራም እንበል። መጀመሪያ ስፒናውን ነቅላችሁ ጥርሱን እዩት። ቡናማ ሆኗል? ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አብጧል? ሶኬቱ ውስጥ የላላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እየሞቀ እየሞቀ ነው እዚያ የደረሰው። ስፒናና ሶኬት መቀየር የማንም እጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ ብሬከሩን፣ ከዚያ ገመዱ ማሽኑ ውስጥ የሚገባበትን አንገት እዩ። ማሽን በገመዱ መጎተት የለመደ ቤት ውስጥ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ስታበሩት ብሬከሩ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ኢንቨርተር ከሆነ ውስጡ የተቃጠለ ዕቃ አለ፤ ባለሙያ ጋ ይሂድ። ብሬከሩን እየመለሱ ደጋግሞ መሞከር የቀረውን ካርድ ማቃጠል ነው። ባለ ኮይል ከሆነና የቫርኒሽ ሽታ ካለው ጥቅሉ ተነክቷል።

ማሽኑ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ እሳት እንቢ ካለስ? ከአሥር ዘጠኙ የማሳው መቆንጠጫ (ከማሽኑ ወጥቶ የሚበየደውን ብረት የሚነክሰው) ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ብረት ላይ ነክሶ ይሆናል። አንድ ጎረቤቴ ግማሽ ቀን ሲታገል ቆይቶ ጠራኝ። መቆንጠጫው በሩ ላይ ነበር፤ በሩ ግን ሙሉ በሙሉ ጸረ ዝገት ተቀብቷል። በግራይንደር አንድ የእጅ ጣት የምታህል ቦታ ገለጥኩለት። በአንድ ጭረት ነደደ። «ይቺን ነው?» አለ፣ ትንሽ አፍሮ። ይቺን ነው።

መቆንጠጫው ደህና ከሆነ ገመዶቹን ማሽኑ ላይ የሚገቡበት ቦታ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። ስትሠሩ ቆይታችሁ በእጅ ዳስሱ፤ በርግጥ ማሽኑን አጥፍታችሁ። አንድ ቦታ ብቻ ከጋለ እዚያ ነው የላላው። ገመዱ በሙሉ ከጋለ ቀጥኗል ማለት ነው። ለ100 አምፔር ሥራ ባለ 16 ገመድ ይበቃል፤ ወደ 160 እና ከዚያ በላይ ለሚሄድ ባለ 25 ያዙ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ገመድ ጫፉን ትንሽ ላጥ አድርጉት። ከዚያ አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ ከሆነች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይሠራል፤ ግን ይግላል፣ ጫፉም ቶሎ ይቃጠላል። ለኔ፣ ከአዲስ ማሽን በፊት ትክክለኛ የመዳብ ገመድ ይቀድማል።

ቢጫ መብራት በርቶ ከቆመ ሞቆታል። ይህ ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ላይ 60 በመቶ የሚል ቁጥር ካለ፣ በዚያ አምፔር ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን በይዶ አራቱን ያርፋል ማለት ነው። አታጥፉት፤ ፋኑ እየዞረ ያቀዝቅዘው። የብየዳ ማሽን ደረጃ የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ እንደሆነም አስታውሱ። እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚያቀዝቅዘውም ያንሳል። ደሴ ብርዱ ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ግን በሚያዝያ ቀትር፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ወንድሜ ሁለት ኤሌክትሮድ ጨርሶ ሻይ ይጠጣል። ትክክል ነው የሚሠራው።

ቶሎ ቶሎ የሚሞቅ ከሆነ ግን ውስጡ ቆሽሿል። ግራይንደር የሚረጨው የብረት ዱቄት በፋኑ ይገባና ካርዱ ላይ ይተኛል። ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንድ ቀን ሁለት እግር ያገናኝና ካርዱን ያቃጥላል። ስለዚህ ግራይንደር ስትሠሩ ማሽኑን አርቁት ወይም ፊቱን አዙሩት። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ነቅላችሁ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በኮምፕሬሰር በቀስታ ንፉት። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ኮንደንሰሮች ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑን ከፍቶ በካቻቢቴ መነካካት ጨዋታ አይደለም።

የማሽኑ አካል ሲነኩት ውርር የሚያደርግ ከሆነ ወዲያው ንቀሉ። የምድር መስመሩ የለም ወይም ተቆርጧል። ባለ ሦስት እግሩን ስፒና በባለ ሁለት እግር ማያያዣ መሰካት ልማድ ሆኖብናል። እርጥብ መሬት ላይ፣ በደሴ ክረምት፣ ይህ ልማድ ይገድላል። ደረቅ ጓንት፣ ደረቅ ጫማ፣ ከእግር ሥር ደረቅ ጣውላ።

ኤሌክትሮዱን አትርሱ

እሳቱ ይንጣጣል፣ ይፈነጣጠራል፣ ቅርፊቱን ስታነሱት ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቷል። ይህ ከሆነ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል፣ ወይም ብረቱ ቀለምና ዘይት አለበት። ደሴ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ተከፍቶ የቆየ ካርቶን ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። እኔ የምገዛው ላስቲኩ ያልተቀደደውን ነው። የተከፈተውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ቱቦ አስቀምጠዋለሁ።

6013 እና 7018 ከሚባሉት ኤሌክትሮዶች የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ለቤት 6013። በኤሲም በዲሲም ይነድዳል፣ ቢረጥብም 100 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ብታደርቁት ይመለሳል። 7018 ጠንካራ ነው፤ ለተሸካሚ ብረት ይመረጣል። ግን አንዴ ከረጠበ 350 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የቤት ነገር አይደለም። ተራ ባለ ኮይል ማሽን ላይም አብዛኛውን ጊዜ ያስቸግራል። በፍሬ ተከፍቶ የሚሸጠውን 7018 በክረምት አልገዛም።

ስሱን ቱቦላሬ እየበሳ ካስቸገራችሁ ማሽን መቀየር አያስፈልግም። ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮዱን አስቀምጡና ባለ 2.5 ያዙ፤ ከ60 እስከ 80 አምፔር። ኢንቨርተር ከሆነ የኤሌክትሮዱን ገመድ ወደ ኔጌቲቭ አዙሩት፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ሂዱ። ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር ለሚፈልግ ወፈር ያለ ብረት ይሁን።

ዚንክ የተቀባ ቧንቧ የምትበይዱ ከሆነ መጀመሪያ ዚንኩን ፍቁ፣ ደጅ ሥሩ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ እንዲወስድ ቁሙ። ጭሱ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጡበት የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ወተቱን ጠጡ፣ አይጎዳም። ጭሱን ግን አይከለክልም።

መጠገን ወይስ አዲስ?

ስፒና፣ ገመድ፣ መቆንጠጫ፣ የኤሌክትሮድ መያዣ፣ ፋን፤ እነዚህን ያለ ማቅማማት ጠግኑ። ማብሪያ ማጥፊያውም እንዲሁ ነው። የኢንቨርተር ካርድ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ባለሙያው የተቃጠለችውን ዕቃ ለይቶ የሚቀይር ከሆነ ጥሩ ነው። «ሙሉ ካርድ ይቀየር» ካለ ግን ዋጋውን ጠይቁ። ከአዲሱ ማሽን ግማሽ ካለፈ እኔ አዲስ እገዛለሁ። ለምን ተቃጠለ ብላችሁም ጠይቁት። ምክንያቱን ሳታውቁ የተጠገነ ማሽን እዚያው መስመር ላይ ተሰክቶ እንደገና ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን መንቀል ከብዙ ጥገና ያድናል፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ባለ ኮይል ሲሆን ማስጠምጠም ያዋጣል፣ በመዳብ ከሆነ። አሉሚኒየም ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

አዲስ ስትገዙ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 250 ወይም 300 አትመኑት። በእውነት 200 አምፔር የሚያወጣ ኢንቨርተር ከመስመሩ ወደ 45 አምፔር ይፈልጋል። የቤት ሶኬት ግን ብዙውን ጊዜ 16 ነው። ስለዚህ 300 የሚል ጽሑፍ፣ እንደ ቻርጀር የቀጠነ ገመድና አራት ኪሎ ክብደት አብረው ካያችሁ አንዱ ይዋሻል፤ የሚዋሸው ደግሞ ጽሑፉ ነው። ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ አንብቡ፤ ከመስመር የሚስበው አምፔርና የሥራና የዕረፍት መቶኛው እዚያ አለ። ለቤት እውነተኛ 140 ወይም 160 ከሐሰተኛ 300 ይበልጣል።

ያገለገለ ከሆነ ኤሌክትሮድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ አንዴ ጫር አድርጎ ሲያበራላችሁ አትመለሱ፤ አንድ ሙሉ ባለ 3.2 እስከ ጫፉ አቃጥሉ።

በቅርቡ ለአንድ ዘመድ ያገለገለ ልናይ ሄድን። ኤሌክትሮዱን ጫርኩ፣ ተጣበቀ። ደግሜ ጫርኩ፣ ተጣበቀ። ሻጩ ሳይደነግጥ «ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ ምንም አልሆነ፤ መስመሩ ነው» አለኝ። የራሴን ስብከት ነው መልሶ የሰበከኝ። መልቲሜትሬን ከኪሴ አወጣሁና ዘመዴን በይድ አልኩት። እየበየደ 218 ቮልት አለ። መቆንጠጫውን ባዶ ብረት ላይ አዛወርኩ፣ አዲስ ኤሌክትሮድ አስገባሁ፣ ያው ነው። ማሽኑን ነቅለን፣ አመስግነን ወጣን።